ጃፓንኛን ከሀሁ መጀመር

ሊቅ የተባለ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ጀማሪ ነበረ። ዛሬ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ሰምና ወርቁን የሚያፈስሰው መሪጌታ፤ ትናንት በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ግእዝ፤ ሁ ካዕብ» ሲል የነበረ ሕፃን ነው። ይህ ነገር በሰው ላይ እንደሚታይ እንዲሁ በአገርም ላይ ይታያል። በጥበብ የገሠገሠ አገር ታሪኩ ቢመረመር፤ በሌላው ፊት እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ፊደል የቈጠረበት ዘመን ይገኝለታል።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ልንጽፍበት የመረጥነው ነገር የጃፓንን ቋንቋ ከመጀመሪያው ስለ መማር ነው። ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ፊደሉን መቍጠር በጀመርን ጊዜ፤ ጓደኞቻችን «በግሽ ዓባይ አገር ተቀምጦ ጃፓንኛ ምን ይሠራል? እንግሊዝኛውንስ መቼ ጨረሳችሁት?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሳቅ የሚታለፍም አይደለም። ስለዚህ መልሱን ከታሪክ ፈለግነው፤ ያገኘነውንም እነሆ ለአንባቢያን እናቀርባለን። ከዚህ በታች ዓ. ም. ያልነው በእኛ አቈጣጠር፤ እ. ኤ. አ. ያልነው ደግሞ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። ግሽ ዓባይ በሰከላ የምትገኝ፤ የግልገል ዓባይ ምንጭ የሚፈልቅባት፤ ሕዝቡም ጠበሏን የሚያከብራት ስፍራ ናት። ይህችን ምንጭ በዓይኑ አይቶ ስለ እርስዋ ጽፎ ያቈየልን የመጀመሪያው ኤውሮፓዊ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የስፔን ተወላጅ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነው። ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 እ. ኤ. አ. ሲሆን፤ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሆኖ ወደ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1618 እ. ኤ. አ. ነው። ይህ ሰው አገራችን እንደ ገባ ግእዝንና አማርኛን እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ተማረ።

ፓኤዝ ምጽዋ በደረሰበት በዚያው በ1603 እ. ኤ. አ.፤ በሌላው የዓለም ዳርቻ በጃፓን አገር በናጋሳኪ ከተማ የዚያው ማኅበር ሰዎች ሠላሳ ሁለት ሺህ ያኽል ቃላት የያዘ የጃፓንኛና የፖርቱጋልኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ከዚያም ከ1604 እስከ 1608 እ. ኤ. አ. ድረስ፤ ገና ብላቴና ሳለ ወደ ጃፓን የሄደው ፖርቱጋላዊው ዦዋዎ ሮድሪጌዝ የጃፓንኛን ሰዋስው በናጋሳኪ አሳተመ። እንግዲህ የአንድ ማኅበር ሰዎች በአንድ ዘመን፤ አንዱ በዓባይ ራስ የእኛን ፊደል ሲቈጥር፤ ሌላው በምሥራቅ ባሕር ዳርቻ የጃፓኖችን ፊደል ይቈጥር ነበር። ኢትዮጵያና ጃፓን ግን ገና አልተዋወቁም።

ሳይተዋወቁም አንድ ዓይነት በር ዘጉ። በኢትዮጵያ ስለ ሃይማኖት ለውጥ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፤ በ1632 እ. ኤ. አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በጃፓንም የቶኩጋዋ መሳፍንት ክርስትናን ከልክለው በ1639 እ. ኤ. አ. ፖርቱጋሎችን ፈጽመው አባረሩ። ይሁን እንጂ ጃፓን በሩን ስትዘጋ አንዲት ቀዳዳ ተወች። በናጋሳኪ ወደብ ዴጂማ የምትባል በሰው እጅ የተሠራች ትንሽ ደሴት ነበረች፤ ከ1641 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆላንድ ነጋዴዎች በዚያች ደሴት ብቻ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። በ1720 እ. ኤ. አ. ደግሞ ገዥው ዮሺሙኔ ስለ ሃይማኖት የማይናገሩ የውጭ አገር መጻሕፍት እንዲገቡ ፈቀደ። በዚያች ቀዳዳ የገባው ከሸቀጡ ይልቅ መጽሐፉ የጃፓንን ዕድል ለወጠ።

በ1770 እ. ኤ. አ. መጨረሻ ላይ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ግሽ ዓባይ ደርሶ ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ጤና ብሎ ጠጣ። ከዚያ ጥቂት ወራት ብቻ እንዳለፉ፤ በ1771 እ. ኤ. አ.፤ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ሱጊታ ገምፓኩና ማኤኖ ሪዮታኩ የተባሉ ሐኪሞች ከጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው፤ በሞት የተቀጣ ሰው ሬሳ ሲከፈት ለማየት ሄዱ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው መጥተው ነበር። ይኸውም ኩልሙስ የተባለ ሐኪም የደረሰው፤ ወደ ሆላንድኛ የተተረጐመ፤ የሰውን አካል በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ሥዕሉን ከሬሳው ጋራ ቢያስተያዩት ፍጹም ተስማማ፤ ከጥንት የቻይና መጻሕፍት የተማሩት ግን አልተስማማም። የሰውን አካል ሳያውቁ ሐኪም ተብለው መኖራቸው አሳፈራቸውና መጽሐፉን ሊተረጕሙ ተማከሩ።

በማግሥቱ በማኤኖ ቤት ተሰብስበው ጀመሩ። መዝገበ ቃላት አልነበራቸውም። ማኤኖ ወደ ናጋሳኪ ወርዶ የለቃቀማቸውን ጥቂት መቶ ቃላት ያውቃል፤ ሱጊታ ግን የሆላንድን ፊደል እንኳ ገና አልቈጠረም ነበር። ሱጊታ በሽምግልናው በ1815 እ. ኤ. አ. በጻፈው ማስታወሻ ላይ፤ ቅንድብ ከዓይን በላይ የበቀለ ጠጕር መሆኑን የምትናገረውን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ለመረዳት ረጅሙን ቀን ሙሉ ሲጨነቁ ውለው ሳይገባቸው እንደ መሸ ይናገራል። በወር ስድስትና ሰባት ጊዜ እየተሰበሰቡ፤ ያልገባቸውን ቃል በመስቀል ምልክት እያመለከቱ፤ ቀስ በቀስ ንባቡ ቀለላቸው። ሱጊታ ረቂቁን ዐሥራ አንድ ጊዜ ያኽል ከጻፈው በኋላ፤ መጽሐፉ በ1774 እ. ኤ. አ. «ካይታይ ሺንሾ» ተብሎ ታተመ። ትርጓሜውም አዲስ የአካል መጽሐፍ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በሆላንድኛ የሚማሩ ሊቃውንት በጃፓን በዙ።

ከእነርሱም አንዱ ፉኩዛዋ ዩኪቺ ነው። በ1835 እ. ኤ. አ. የተወለደው ይህ ሰው በኦሳካ ከተማ በአንድ ሐኪም ትምህርት ቤት ሌት ተቀን ደክሞ ሆላንድኛን አወቀ። በ1859 እ. ኤ. አ. ለውጭ ሰዎች ወደ ተከፈተው ወደ ዮኮሃማ ወደብ ቢሄድ ግን፤ በየሱቁ በር የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም፤ ሰዎቹም የሚናገረውን አልሰሙትም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበረና። የደከመበት ዓመት ሁሉ ከንቱ የሆነ መስሎት አዘነ፤ ነገር ግን ኀዘኑን በአንድ ቀን ጨርሶ በማግሥቱ እንግሊዝኛን እንደ ገና ከፊደሉ ሊጀምር ቈረጠ። በዓመቱም የጃፓን መርከብ ወደ አሜሪካ ስትሻገር አብሮ ሄደ። ኋላም ኬዮ የተባለው ታላቅ ትምህርት ቤት በእርሱ እጅ ተመሠረተ።

ጃፓን በ1868 እ. ኤ. አ. መንግሥቷን አድሳ፤ ከ1871 እስከ 1873 እ. ኤ. አ. ታላላቅ ሹማምንቷን ወደ አሜሪካና ወደ ኤውሮፓ ልካ፤ በ1872 እ. ኤ. አ. የሕዝብ ትምህርት ደንብ አውጥታ፤ በ1905 እ. ኤ. አ. ሩሲያን እስከ ማሸነፍ የደረሰችው እንዲህ ያሉ ጀማሪዎች ስለ ነበሩዋት ነው። ዓለም ሁሉ መርከቧንና መድፏን አይቶ ተደነቀ። ያን ሁሉ ያስገኘው ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ቀን ሙሉ የዋለ ሰው ትዕግሥት ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ. ም. በዐድዋ ድል አድርጋ ነጻነቷን ካስከበረች በኋላ፤ የተማሩ ልጆቿ አገሪቱ በጥበብም እንድትጠነክር ምሳሌ ይፈልጉ ነበር። ምሳሌያቸውም ጃፓን ሆነች። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጽሑፋቸው ጃፓንን ከጠቀሱት መካከል ናቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁ፤ በ1889 እ. ኤ. አ. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ዋና አብነት ሆኖላቸዋል።

በ1924 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ። አብረዋቸውም ልጅ አርአያ አበበ፥ አቶ ተፈሪ ገብረ ማርያምና አቶ ዳባ ብሩ ነበሩ። ጃፓኖችም በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በተመለሱ ጊዜ ያዩትን ሁሉ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጻፉልን፤ መጽሐፉ በዚያው በ1924 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ታትሟል። በ1934 እ. ኤ. አ. ደግሞ «ዳይ ኒሆን» ተብሎ በጃፓንኛ ታተመ። ስለዚህ ጃፓኖች የኢትዮጵያዊውን ሊቅ አሳብ በገዛ ቋንቋቸው ለማንበብ ቻሉ። በዚያ ዘመን የጃፓን አቡጀዲ ገበያችንን ሞልቶት ነበር፤ ልጅ አርአያም ከአንዲት ጃፓናዊት ወይዘሮ ጋራ ሊጋቡ ታስቦ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተነገረ፤ ጋብቻው ግን ሳይፈጸም ቀረ።

ኢጣልያ ልትወረን በተዘጋጀች ጊዜ ከእኛ መካከል ብዙዎች ጃፓን ትረዳናለች ብለው ተስፋ አደረጉ። በጃፓንም ለኢትዮጵያ የተቈረቈረ ሕዝብ ብዙ ነበረ። የመንግሥቱ መንገድ ግን ሌላ ነበር። በሐምሌ 1935 እ. ኤ. አ. በሮም የነበረው የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ፤ መንግሥቱ በኢትዮጵያ ላይ የፖለቲካ ጥቅም እንደሌለው ለሙሶሊኒ ነገረው። በ1936 እ. ኤ. አ. ደግሞ ጃፓን የኢጣልያን ወረራ ዐወቀች። አገራችንን ነጻ ያወጣው የአርበኞቻችን ተጋድሎና በመጨረሻው ጊዜ የመጣው የእንግሊዞች እርዳታ ነው፤ ይህችም የእኛ ቡሬ ጠላት በ1933 ዓ. ም. ለቅቋት ሲሄድ አይታለች።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጃፓንኛ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ኖሮ ኢጣልያ አትመጣም ነበር ልንል አንችልም። ነገር ግን በወዳጅነት የሚታመን ሰው፤ ወዳጁ በገዛ ቤቱ በገዛ ቋንቋው የሚነጋገረውን መስማት ይገባዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በግእዝ ሊቅነታቸው ወደር የሌላቸው ሲሆኑ ጃፓንኛን አያውቁም ነበር፤ የተነጋገሩትም በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ያሳያል፤ እልፍኙን ለማየት ግን ቋንቋውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከጦርነቱ በኋላ ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ. ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳትመው የትምህርትን ነገር ለወጣቶች አስረዱ። በ1949 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃፓንን ጐበኙ፤ በ1953 ዓ. ም. ደግሞ አልጋ ወራሹ አኪሂቶ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሊምፒክ ድል ተቀዳጀ፤ ስሙም በጃፓን ሕፃናት አፍ ሳይቀር ተጠራ። ከ1972 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ደግሞ የጃፓን ወጣት በጎ ፈቃደኞች አማርኛ እየተማሩ ወደ አገራችን መጡ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የፈንጣጣን በሽታ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ሠርተዋል። በ2011 እ. ኤ. አ. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ «ካይዘን» የሚለው ቃል በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። የጃፓን መንግሥት በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ወደዚያ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያንም ዋናውን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ብዙውን ጊዜ ቋንቋውን ለወራት ይማራሉ። ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንሰጠው የመጀመሪያው መልስ፤ መንገዱ ከተጠረገ ብዙ ዘመን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መልሳችን፤ ይህ ቋንቋ ለእኛ የሚመስለውን ያኽል ሩቅ አለመሆኑ ነው። ጀማሪ የሆነ ሁሉ እንዲበረታበት እስከ ዛሬ የተረዳነውን በየተራ እንናገራለን።

አንደኛ፤ ስለ ፊደሉ። ጃፓኖች በጥንት ዘመን የራሳቸው ጽሕፈት ስላልነበራቸው የቻይናን ምልክቶች ተቀበሉ። ምልክቶቹ ለቻይና ቋንቋ የተሠሩ ስለ ሆኑ ግን ለጃፓንኛ አልተመቹም። በ9ኛው መቶ ዓመት እ. ኤ. አ. ከእነዚያው ምልክቶች ቈርጠውና አቅልለው ሁለት ዓይነት ፊደል አወጡ፤ አንዱ ሂራጋና፤ ሁለተኛው ካታካና ይባላል። ሊቃውንቱ በቻይንኛ ሲጽፉ ሂራጋና የሴቶች እጅ ጽሕፈት ተብሎ ይናቅ ነበር። ነገር ግን ከዓለም ታላላቅ ድርሰቶች አንዱ የሆነውን «ገንጂ ሞኖጋታሪ»ን በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለች እመቤት በዚያ በተናቀው ፊደል ጻፈችው። እኛም አገር ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን በግእዝ ብቻ ሲጽፉ ኖረው አማርኛ ኋላ መከበሩን ስናስብ፤ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

እያንዳንዱ ፊደል 46 ዋና ዋና ምልክቶች አሉት። እነርሱም እንደ እኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት የያዙ ናቸው። እንግሊዝኛ «ካ» ለማለት ሁለት ፊደል ሲያስፈልገው፤ ለእኛና ለጃፓኖች አንድ ይበቃናል። ቅደም ተከተሉም «ካ፥ ኪ፥ ኩ፥ ኬ፥ ኮ» እየተባለ በተራ የሚዜም ነው። ልዩነቱ፤ የእኛ «ከ» እና «ኩ» በመልክ ዘመዳማቾች ሲሆኑ፤ የእነርሱ «ካ» እና «ኩ» ምንም አይመሳሰሉም። ስለዚህ እያንዳንዱን በቃል መያዝ ያሻል። ነገር ግን ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት በሰባት አባዝቶ 231 ምልክት በልጅነቱ የያዘ ሰው፤ 92 ምልክት እንዴት ያስፈራዋል?

ከባዱ ነገር ካንጂ የሚባለው የቻይና ምልክት ነው። የጃፓን ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት 1,026 ምልክት ይማራሉ፤ ለዘወትር ንባብ የተመደበው ደግሞ 2,136 ነው። አንዱ ምልክት እንደ አገባቡ በልዩ ልዩ ድምፅ ይነበባል፤ ለምሳሌ የፀሐይ ምልክት «ሂ»፥ «ኒቺ» ወይም «ጂትሱ» ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ አቋራጭ መንገድ የለም፤ ዳዊትን እንደ መድገም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መያዝ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ድምፁ። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አለው። «ኪቴ» ላልቶ ሲነገር መጥቶ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ቈርጦ ማለት ነው። እኛም ላልቶ ሲነበብ «ገና» ገና ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። የእኛ ፊደል ይህን ለይቶ አያሳይም፤ ጃፓኖች ግን አንዲት ትንሽ ምልክት በመካከል ጨምረው ያሳያሉ። አናባቢውንም ማስረዘምና ማሳጠር ትርጓሜ ይለውጣል፤ «ኦጂሳን» አጎት ሲሆን «ጂ»ው ሲረዝም አያት ይሆናል። እንዲሁም እንደ «ጠ»፥ «ጨ»፥ «ጸ» ያሉትን ኃይለኛ ድምፆች ስለማያውቁ፤ ከእነርሱ ጋራ ስንነጋገር ጕሮሯችንን ማለዘብ ይገባናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰዋስው። እንግሊዝኛ ግሡን በመካከል ሲያስቀምጥ፤ ጃፓንኛ እንደ አማርኛ በመጨረሻ ያስቀምጠዋል። «እኔ ውሃን እጠጣለሁ» ለማለት «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ይላሉ። «ሚዙ» ውሃ ነው፤ ተከትሎት የመጣው «ኦ» ልክ እንደ እኛ «ን» ተሳቢውን ያመለክታል። «ትናንት የመጣ ልጅ» የሚለውም «ኪኖ ኪታ ኮ» ነው፤ ትናንት፥ የመጣ፥ ልጅ፤ ቃል በቃል ተራው አይለወጥም። በእንግሊዝኛ ትምህርት ዐረፍተ ነገሩን ለመገልበጥ ስንት ጊዜ እንደ ደከምን የምናውቅ እኛ፤ ይህን ባየን ጊዜ እጅግ ደስ አለን። ከዚህም በላይ የጃፓንኛ ግሥ እንደ እኛ በእኔና በአንተ፥ በእርሱና በእርስዋ አይለዋወጥም፤ ይህ ለጀማሪ ታላቅ ዕረፍት ነው።

አራተኛ፤ ስለ አክብሮት። በአገራችን በጎጃም ለታላቅ ሰው «አንቱ» እንደሚባል፤ «ብላ» እና «ይብሉ» እንደሚለዩ፤ በጃፓንም መብላት ለተራው «ታቤሩ»፥ ለተከበረው «ሜሺያጋሩ» ይባላል። እነርሱ ደግሞ አንድ ጨምረው ራስን ዝቅ ማድረጊያም አላቸው፤ ራሱን ትሑት አድርጎ የሚናገር ሰው «ኢታዳኩ» ይላል። የገዛ አባቱንም በባዕድ ፊት ሲጠቅስ «ቺቺ»፥ የሌላውን አባት ሲጠቅስ ግን «ኦቶሳን» ይላል። ታላቅን በማክበር ያደገ የባላገር ልጅ የዚህን ትርጓሜ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

አምስተኛ፤ ስለ ቍጥር። ኤውሮፓውያን ከሺህ ቀጥለው ዐሥር ሺህ፥ መቶ ሺህ ይላሉ። ጃፓኖች ግን ለዐሥር ሺህ «ማን» የሚባል ለብቻው የሆነ ስም አላቸው። ይህ በግእዝ እልፍ የምንለውና ፼ ብለን የምንጽፈው ነው። መቶ ሺህ በእነርሱ «ጁማን» ነው፤ ዐሥር እልፍ ማለት ነው፤ እኛም ፲፼ ብለን እንጽፈዋለን። ሚሊዮን ደግሞ «ሂያኩማን» ነው፤ መቶ እልፍ፤ ይህም በግእዝ ፻፼ ነው። የግእዝን ቍጥር የሚያውቅ ተማሪ የጃፓንን ትልልቅ ቍጥር ሲማር፤ የረሳውን የአባቶቹን ትምህርት መልሶ ያነሣል።

ስድስተኛ፤ ስለ ቅኔው። የጃፓን ባለቅኔዎች አንዱን ቃል በሁለት ትርጓሜ ይፈቱታል። ለምሳሌ «ማትሱ» የጥድ ዓይነት ዛፍ ነው፤ መጠበቅም ነው። ስለዚህ በቅኔው ውስጥ ዛፉ የቆመ ሲመስል ወዳጁን የሚጠብቅ ሰው በውስጡ ይገኛል። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ላደገ ሰው ይህ ኅብር አዲስ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን ጥያቄ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን መልስ እንስጥ። ጃፓንኛን የምንማረው ሁላችንም ወደ ቶኪዮ እንሄዳለን ብለን አይደለም። አባቶቻችን የጃፓንን ፍሬ ወደዱ፤ መርከቧን፥ ሕጓን፥ አቡጀዲዋን፥ በኋላም መኪናዋን አደነቁ። ፍሬውን መውደዳቸው አያስነቅፍም፤ የሥሩ ነገር ግን ለእኛ ቈይቶናል። ሥሩ በሱጊታና በፉኩዛዋ የታየው፤ የማያውቁትን ከፊደሉ ለመጀመር አለማፈር ነው። ይህ ጠባይ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መንገድ አኰፋዳውን አንግቶ፤ ውሻ እየጮኸበት፤ ቍራሽ ለምኖ ዜማና ቅኔ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ይህን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪውን ትዕግሥት ለአዲሱ ትምህርት ብናውለው፤ ጃፓንኛም ሌላውም ጥበብ ከእጃችን አይወጣም።

የሚጀምር ቢኖር ምክራችን አጭር ነው። አንድ ደብተር ለፊደሉ ብቻ ይመድብ፤ በቀን ከአምስት ምልክት በላይ አይሻማ፤ ጮኾ እያነበበ ይጻፍ፤ ከጓደኛ ጋራ ይጠያየቅ፤ ካንጂን ሂራጋናና ካታካናን ሳይጨርስ አይንካ። ያልገባውንም ቃል እንደ እነ ሱጊታ ምልክት አድርጎበት ይለፍ፤ ቀኑ ሲደርስ ይገባዋል።

ከተማርናቸው ካንጂዎች አንዱን ጠቅሰን እንፈጽም። ጃፓኖች አገራቸውን «ኒሆን» ይሏታል፤ የሚጻፈውም በሁለት ምልክት ነው። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። ሁለተኛው «ሆን» የሚባለው የዛፍ ሥዕል ሆኖ ከግንዱ በታች አጭር መሥመር የተሠመረበት ነው፤ መሥመሩም ሥሩ እዚህ ነው ብሎ ያመለክታል። ስለዚህ ትርጓሜው ሥር፥ ምንጭ፥ መነሻ ማለት ነው፤ ኒሆንም የፀሐይ መነሻ ማለት ይሆናል። ይኸው ምልክት ለብቻው ሲጻፍ ደግሞ መጽሐፍ ማለት ነው። ምንጭንና መጽሐፍን በአንድ ምልክት የሚጽፍ ቋንቋ፤ የዓባይ ምንጭ ባለበት አገር ያሉ ተማሪዎች ሊማሩት የሚገባ ይመስለናል። ፊደሉም 46 ብቻ ነውና ዛሬውኑ እንጀምር።